የዒላማው ዳኛ መነጥር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ እየጎተተች ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ወጣቷ ሐኪም አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ፣ አንድ ቀዝቃዛ ቀለበት ቅንድቤ ላይ ገጠመችና "አባባ፣ የቱ ይሻላል? ይሄኛው ወይስ ይሄኛው?" እያለች መስታወት ትለዋውጥብኝ ጀመር። ያ ቅዝቃዜ ዓይኔ ዙሪያ ሲያርፍ የናስ፣ የዘይትና የአሮጌ ቆዳ ሽታ ከየት መጣ ሳልለው አፍንጫዬን ሞላውና ሳቄ አመለጠኝ። "ምን ያስቅዎታል?" አለችኝ። ደጅ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዛቱ! ለሷ አልነገርኳትም። አንተ ግን ወረፋ የለብህም፤ ቁጭ በልና ልንገርህ።

ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ አገሬም ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ማዶ ነው። በኛ አገር የቃና ዘገሊላ ዕለት ታቦት ከገባ በኋላ ዒላማ ይተኮሳል። ከገደሉ ማዶ፣ ድንጋዩ ላይ፣ በኖራ የተቀባ የበሬ ቁርበት ይወጠራል፤ ተኳሹ ከወዲህ ማዶ ሆኖ ይፎክራል፣ ይተኩሳል። ጥይቱ ቁርበቱን ቢበሳ ቀዳዳዋ ከዚህ ሆነው ሲያዩዋት የተልባ ፍሬ አታክልም። ገደሉን ዞሮ ሄዶ ለማየት ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ምነው ከዒላማው አጠገብ ሰው አታቆሙም ትለኝ ይሆናል። አንድ ዓመት አቁመን ነበር። ሰውየው ከዚያ ወዲህ እንኳን ዒላማ ሰርግም ጠርተነው አልመጣም።

ስለዚህ ዳኛ ነበረን። ዳኛው አርበኛ ናቸው፤ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ፣ ድምፃቸው ከገደል ገደል የሚመላለስ ሰው። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ከድንጋያቸው ላይ ቀና ብለው በባዶ ዓይናቸው ያዩና "መታ!" ወይም "ሳተ!" ይላሉ፤ በቃ፣ ይግባኝ የለውም። አንድ ሥርዓትም ነበራቸው። ዳኛ ጥይቱ ሳይተኮስ ዒላማውን አያይም፤ አስቀድሞ ካየ ዓይኑ ያዳላል ይሉ ነበር።

እኚህ ዳኛ ልጅ አለቻቸው። እንግዲህ ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ልጅቱን የፈለገ ሰው ሽማግሌ መላክ አይችልም፤ መጀመሪያ የቃና ዘገሊላ ዕለት በአንድ ጥይት ዒላማውን መምታት አለበት። "ሽማግሌህን ከመላክህ በፊት ጥይትህን ላክ" ነው የሳቸው ቃል። እኔ ልጅቱን ከማየት በቀር ሥራ የለኝም፤ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ አያታለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም አያታለሁ፣ እሷም ማየቴን ታያለች። መተኮስ ግን አልችልም። እስከዚያ ዕድሜዬ በጥይት የመታሁት ነገር ቢኖር የጎረቤታችን እንስራ ነው። እሱንም ቢሆን ያነጣጠርኩት ቆቅ ላይ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዳኛው አንዱን ጎልማሳ "ሳተ!" ብለውት፣ ማታ ቁርበቱ ሲመጣ ቀዳዳዋ መሐሉ ላይ ተገኘች። ጠመንጃ ተደገነ፣ ሴቶች ጮኹ፣ ቄሶቹ መስቀል ይዘው መሐል ገቡ። ከዚያ ያገሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቆረጡ፦ ዳኛው ወይ የሩቅ ማሳያ መነጥር ይግዙ ወይ ዳኝነቱን ይልቀቁ። ለሳቸው ዳኝነቱን መልቀቅ ማለት ከነሕይወታቸው መቀበር ነበር። "ዓይኔ ደኅና ነው፤ ቁርበቱ ነው የቆሸሸው" ሲሉ ሰንብተው፣ በታኅሣሥ አንድ ቀን ደጃችን መጥተው "አንተ፣ ጎንደር አጎትህ ዘንድ ስትማር ከርመሃል አሉ፤ ከተማ ታውቃለህ። ተነስ፣ መነጥር እንመርጣለን" አሉኝ። እናቴ ሳትመርቀኝ ነው የሮጥኩት።

እስከ ደባርቅ በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት ማኪና፣ የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ጎንደር ገባን። ለከተማ ተብሎ የተገዛው ጫማቸው እግራቸውን ልጦት ነበር፤ ግን አላወልቅም አሉ። ፒያሳ ላይ አንድ ጣልያን ነበር፤ አገሩ አልመለስም ብሎ የቀረ፣ ሰዓትና ራዲዮ የሚጠግን፣ ከጦሩ የተረፈ ዕቃም የሚሸጥ። ሱቁ ፎቅ ላይ ሆኖ ሰገነት ነበረው። ዳኛው ጣልያኑን ሲያዩ እጃቸው ወደ ትከሻቸው ሄደ። እግዜር ይመስገን፣ ጠመንጃቸውን አጎቴ ቤት ትተነው ነበር።

ጣልያኑም ጎፈሬያቸውንና ጠባሳቸውን አይቶ ፈገግ አለና "አንቺ አርበኛ ነሽ?" አላቸው።

"አንቺ ይለኛል እንዴ ይሄ!"

"አያ፣ ቋንቋው እንዲያ ነው፤ ሁሉንም አንቺ ነው የሚለው" አልኩ፣ መሐል ገብቼ።

"ድሮም እንዲያ እያለ ነው አገሬን የወረረው" አሉና ተቀመጡ።

ጣልያኑ ሦስት መነጥር አወጣ። የመጀመሪያው ባለሁለት ዓይን ነው። ዳኛው አንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው አዩበትና መለሱለት። "ዒላማ በሁለት ዓይኑ የሚያይ ተኳሽ ሰምቼ አላውቅም። ግማሹ ለምን ይሆነኛል?" ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ በሦስት እግሩ የሚቆም፣ የፊት መስታወቱ የወጭት ክዳን የሚያክል። ጣልያኑ ይሄንን እንደ ልጁ ነው የዳበሰው። "ይሄ ጥሩ። ትልቅ መስታወት፣ ብዙ ብርሃን ትጠጣለች። ማታ ማታ ለአደን ጥሩ፤ ለዒላማ ጥሩ። እግር አለ፤ እጅ ቢንቀጠቀጥ እሱ አይንቀጠቀጥም" አለ። ሰገነቱ ላይ አቆመውና ፊቱን ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ኮረብታ አዞረው።

ዳኛው ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ገጠሙ። ወዲያው "እመቤቴ!" ብለው ለመሳለም ሲሰግዱ ግንባራቸው ከናሱ ጋር ተላተመ። እንደገና አዩ፤ እንደገና ሰገዱ፤ እንደገና ተላተሙ። ሦስተኛው ላይ ቀና ብለው ጫማቸውን ተመለከቱ። "በጫማዬ! ደጀ ሰላሙን አልፌ፣ በጫማዬ ቅጽሩ ውስጥ ገባሁ!"

"ሩቅ ነው እኮ!" አለ ጣልያኑ።

"ሩቅ ነበር። አንተ ነህ ያቀረብከው።"

ያን እግራቸውን ልጦ የጨረሰውን ጫማ አወለቁና እንደገና አዩ። የገና ጾም ነው፤ ሰዓቱ ገና አምስት እንኳ አልሞላ። አንድ ዲያቆን ከግንቡ ሥር ተቀምጦ፣ ግራ ቀኙን እያየ፣ ሽንብራ ቆሎ ይቆረጥማል። ዳኛው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "የሰው ገመና ልይ ብዬ አልመጣሁም። ይሄ መነጥር ሰው ያስኮንናል፤ አንሳልኝ!" እኔም አየሁበት። እውነት እልሃለሁ፣ የቆሎውን ፍሬ መቁጠር ይቻል ነበር።

ሦስተኛው ቀጭን የናስ ቱቦ ነው፤ ሲስቡት የሚረዝም። ጣልያኑ ገና ሲያወጣው "እሱ ጥሩ አይደለም" ብሎ ነበር። ዳኛው ግን አዩበት፤ ቆዩ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ወጉ ማዶ ቆሟል። ዛፉ ዛፍ ነው፣ ግንቡ ግንብ ነው፣ የማንም ቆሎ አይታይም። ከዚያ በጣታቸው ማዶውን ጠቆሙ። "ርግብ! መስቀሉ ላይ ርግብ አርፋለች!"

"እስቲ ልይ አያ።" አየሁ። መስቀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች። "ርግብ ጥቁር ናት እንዴ?"

"ፀሐይ ከኋላዋ ነዋ!"

ቱቦውን ወደ ፋሲል ግንብ አዞርኩት፤ ርግቢቱ ማማው ላይ አረፈች። ወደ መብራት እንጨቱ አዞርኩት፤ እዚያም አለች። ወደ ጣልያኑ ፊት አዞርኩት፤ አፍንጫው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። መነጥሩ ውስጥ ገብታ የደረቀች ጉንዳን ናት። ጣልያኑም ማየቴን አውቋል፤ ትከሻውን ነቅንቆ "እሱን አትውሰዱ። ይሄን ውሰዱ፣ ይሄ ጥሩ" አለ፣ ወፍራሙን እየመታ።

እሱ ባይናገር ይሻል ነበር። ዳኛው ደረታቸውን ነፉ። "አምስት ዓመት ሙሉ ጣልያን ና ሲለኝ ስሄድለት፣ ሂድ ሲለኝ ስመጣበት ነው ነፍሴ የተረፈች። አትውሰድ ካለኝ እሱ ነው ደጉ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ምን ትላለህ? ያንተ ዓይን የወጣት ነው።"

እዚህ ላይ ነው ኃጢአቴ። እውነቱን መናገር የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። ግን ሆዴ ሌላ ይመክራል፦ አንተ ሞኝ፣ በወፍራሙ ካዩህ መሳትህ ከነዝርዝሩ ይታያል፤ በቀጭኑ ግን ጉንዳኗ ቀዳዳ ትመስላቸውና ተኩሰህ ሳትመታ "መታ!" ትባላለህ፤ ልጅቱን ትወስዳለህ። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ይባል የለ? ዝም ብል እንኳ ጥሩ ነበር። እኔ ጨመርኩበት። "ይቺ ሸጋ ናት አያ። ሥርዓት ታውቃለች" አልኩ።

"አየህ! የተማረ ሰው!" አሉና ትከሻዬን መቱኝ። ጣልያኑ አንዴ እኔን፣ አንዴ ርግቢቱን እያየ በጨርቅ ጠቀለለልን።

ኩነኔዬ ግን መንገድ ላይ ጀመረ። ከደባርቅ ወጥተን ጠባቡን መንገድ ስንይዝ ዳኛው ከበቅሏቸው ወርደው ቱቦዋን ሳቡ፣ ማዶውን የሣር ተረተር ቃኙና እጃቸውን አፌ ላይ አደረጉ። "ድኩላ። ብቻዋን ናት። አትተንፍስ።" በደረታችን ተሳብን። ተረተሩ ላይ ስንደርስ ምንም የለም። ወደሚቀጥለው አዩ። "ተሻግራለች! ብልህ ናት!" እንደገና ተሳብን። ሦስት ተረተር ሙሉ አንዲት የደረቀች ጉንዳን ተከትለን በእሾህና በድንጋይ ላይ ተሳብን ስልህ! ጉልበቴ ደማ፣ ሱሪዬ ተቀደደ። በመጨረሻ ዳኛው ላባቸውን ጠርገው "እንዲህ ያለች አውሬ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ትሂድ፣ ምሬያታለሁ" አሉ። እኔ አፌን ይዤ ነበር፤ ከሳቅ ይሁን ከለቅሶ እስካሁን አላውቅም።

ቃና ዘገሊላ ደረሰ። ልጅቱ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። ተኳሹ አሥራ ሁለት ነው፤ ከነሱ ውስጥ እሷን የምንፈልግ ሦስት ነን፦ የምስለኔው ልጅ፣ የበቅሎ ነጋዴው ልጅና እኔ። ዳኛው መነጥሯን በቀይ ግምጃ ጠቅልለው አመጧትና ለሕዝቡ አሳዩ። ከዚያ እንደ ሥርዓታቸው ጀርባቸውን ለዒላማው ሰጥተው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ተኮሰ። ዳኛው ዞረው ቱቦዋን ሳቡ፣ አነጣጠሩ። "መታ! መሐሉን!" እልልታው ቀለጠ። ሁለተኛው ተኮሰ። ዳኛው አዩ፣ ቱቦዋን ጠረጉ፣ ደግመው አዩ። "መታ! በዚያችው ቀዳዳ ገባ!" ሦስተኛው፣ የምስለኔው ልጅ ነው፤ "መታ! እሱም በዚያችው!" አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ሁሉም በዚያችው ቀዳዳ። "ምን ዓይነት ትውልድ ነው!" ይላሉ ዳኛው፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ። የበቅሎ ነጋዴው ልጅ መታ። የኔ ተራ ደረሰ። ፎከርኩ፣ አነጣጠርኩ፣ ሁለቱንም ዓይኔን ጨፍኜ ምላጩን ሳብኩት። "መታ!"

አየህልኝ ብልጠቴን? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ለኔ ብቻ የምታደላ መስሎኝ ያስመረጥኳት መነጥር ለሁሉም እኩል አደላች። አሁን ልጅቱ በሕግ የምትገባን ሦስት ሰዎች ሆንን፤ የምስለኔ ልጅ ካለ ደግሞ ለኔ ማን ይሰጠኛል?

የመጨረሻው ተኳሽ ከጠዋት ጀምሮ ጠላውን ሲያንቆረቁር የዋለ ሰው ነበር። ሲፎክር ድንጋይ አደናቀፈው፤ ጠመንጃው ወደ ሰማይ ጮኸ። ሁላችንም አየን። ጀርባቸውን የሰጡት ዳኛ ግን የሰሙት ድምፁን ብቻ ነው። ዞሩ፣ ቱቦዋን ሳቡ፣ "መታ! በዚያችው!" አሉ።

ማንም እልል አላለም። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ፤ አንዱ ደግሞ "ዳኛው ታወሩ" ሲል ሁሉም ሰማው። ዳኛው ቱቦዋን ከዓይናቸው አወረዱ። ያን ፊት አልረሳውም። አምስት ዓመት ጫካ ያልሰበረው ሰው፣ ሰው መሐል የጠፋ ሕፃን መስሎ ግራ ቀኙን አየ። እኔ ነኝ ያዋረድኳቸው፤ ሌላ ማንም አይደለም።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ መሐሉ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። "ጥፋቱ የሳቸው አይደለም!" አልኩ። "መነጥሩ ውስጥ የሞተች ጉንዳን አለች። ጎንደር ሆኜ አይቻታለሁ። ዓይንህ የወጣት ነው ብለው ቢያምኑኝ፣ ብስትም መታ እንድባል ብዬ ሸጋ ናት አልኳቸው። የኔም ጥይት ዒላማውን አልመታም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተኮስኩት።"

ዳኛው ቱቦዋን በግምጃው ጠቀለሉ። ሁለት ሰዎች ቁርበቱን ሊያመጡ ገደሉን ዞሩ። እስኪመለሱ ድረስ እዚያው ፀሐይ ላይ ስቀመጥ አንድም ሰው አጠገቤ አልመጣም፤ የምስለኔው ልጅ ብቻ እያለፈ "አፍህን ብትዘጋው ምን ነበረበት!" አለኝ። ወደ አመሻሹ ቁርበቱ መጣና ተዘረጋ። ነጭ፣ ንጹህ፣ አንድም ቀዳዳ የሌለው። አሥራ ሁለት ተኳሽ፣ አሥራ ሁለት ጥይት፣ ባዶ። የሳቀው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ዳኛው ቁርበቱን በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሱና "እኔ ታወርኩ አላችሁ። እናንተን ደግሞ ምን ልበላችሁ?" ብለው ቁርበቱን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ክብራቸው ተረፈ። የኔ ነገር ግን አከተመ አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሰላምታዬን አልተቀበሉም። በአራተኛው ልከው አስጠሩኝ። ልጅቱ ውኃ ይዛ ወጣች፣ እጄን ልታስታጥበኝ። እያፈሰሰች፣ ቀና ሳትል፣ "የጥምቀት ዋዜማ መነጥሩን ስወለውል አይቼበት ነበር፤ የእናቴ ጉንጭ ላይ ጉንዳን አየሁ" አለችኝ።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንተ ትናገር እንደሆነ ልይ ብዬ። ዝም ብትል ኖሮ የምስለኔው ልጅ ይሻለኝ ነበር።"

ውኃው አልቆም እጄን ዘርግቼ ቀረሁ። ዳኛው ከውስጥ ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ጉንዳኗ መነጥሯ ውስጥ ብቻ አይደለችም" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የኔ ዓይን ላይም አለች። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ እያደርም እየወፈረች ነው። ለሚስቴም አልነገርኳት።" ከዚያ እንደ ዳኝነታቸው ቀና ብለው "ሽማግሌህን ላክ። ሲመጡ ግን ማን ማን እንደሆነ በጆሮዬ ንገረኝ፤ በተሳሳተ ስም እንዳልጠራቸው" አሉኝ።

አገባኋት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቃና ዘገሊላ ከዳኛው አጠገብ እቀመጥ ነበር። በትከሻዬ ነካ ሳደርጋቸው "መታ!" ይላሉ፤ ዝም ስል "ሳተ!" ይላሉ። እውነቱን አገሩ በመላ ያውቃል፤ የሚናገር ግን አልነበረም። ያን ያህል ዓመት አንድም ጥይት አልዋሸሁባቸውም።

አንድ ጊዜ ብቻ ዋሸኋቸው። የበኩር ልጃችንን በቀበርንበት ዓመት ነው። የሚስቴ ራስ በአንድ ክረምት ነጭ ሆነ፤ ገና ሠላሳ አምስት እንኳ አልሞላት። ዳኛው ያኔ ጨርሰው አያዩም፤ አልጋ ይዘዋል። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ እግራቸው ላይ አርፋ፣ እጄን ያዙና "ልጄን ሐዘን አሸበታት ይላሉ። አንተ አትዋሸኝም፤ እውነት ነው?" አሉኝ። እሷ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሻሿ ወርዶ፣ ራሷ እንደ ባዘቶ ነጥቶ። ቀና ብዬ አየኋት። ራሷን ነቀነቀችብኝ፦ እንዳትነግረው።

"አልሸበተችም አያ" አልኩ። "እንደ ድሮው ነው።"

እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ቀርባ ተንበረከከችና ራሷን ከመዳፋቸው ሥር አደረገች። ቀስ እያሉ፣ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ ደጋግመው ዳበሱት። "እውነትም እንደ ድሮው ነው" አሉ። እንባዋ እጃቸው ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን ወደኔ አዞረች።

መዋሸቴን አውቀው ይሆን? እሷ አውቋል ትለኝ ነበር፤ እኔ አላወቁም እላታለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ስንከራከርበት ኖርን፤ አንዳንዴም ተኮራርፈንበት እናድራለን። እሷ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። አሁን አውቀው ነበር ባይ ሆኛለሁ፤ ግን የሚከራከረኝ ሰው የለም።